ማለስለሻ ማሽን ስንገዛ አቧራውንም እንቁጠር

በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የዛሬው አጀንዳችን ሦስተኛ ነጥብ «ለእንጨት ሥራ ክፍል የማለስለሻ ማሽን ግዢ» ይላል። ከደጋፊዎቻችን የተላከው ገንዘብ ገቢ ሆኗል፣ ደረሰኝም ተቆርጦለታል። ግዢ ኮሚቴው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ አቅርቧል። እንደ ልማዱ ቢሆን የሒሳብ ሠራተኛዋ ድርሻ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ ዝቅተኛውን ዋጋ ማክበብ ነበር። ከማክበቤ በፊት ግን ትንሽ ጊዜ እንድትሰጡኝ ሰብሳቢያችንን ለምኛለሁ። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች የማሽኑን ዋጋ ይናገራሉ፤ ስለ አቧራው ግን አንድ ቃል የላቸውም።

የምለውን ከፊት ላስቀምጥ። ማሽኑ፣ የሚለጠፍበት ወረቀትና አቧራውን የሚመጠው ዕቃ አንድ ላይ የሚገዙ ናቸው። ለየብቻ ዋጋ ከጠየቅንባቸው ርካሹን መርጠን እንወጣለን፤ ልዩነቱን ግን ቀስ በቀስ በሳንባችን እንከፍለዋለን።

አቧራውን የምትተነፍሰው ማን ናት?

እንጨት ሥራ ቤቶች ስንገባ ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አለ። መሰንጠቁና መቁረጡ የወንድ ሥራ ይባላል። ማለስለሱ ደግሞ «ቀላል ነው» እየተባለ ለሴት ይሰጣል። ለክንድ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለመተንፈሻ አካል ግን ከቤቱ ሥራ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። መጋዝ የሚጥለው ፍቅፋቂ ከባድ ስለሆነ እግር ሥር ይወድቃል፤ በመጥረጊያ ይጠረጋል። የብርጭቆ ወረቀት የሚያወጣው ግን ዱቄት ነው። እሱ አየር ላይ ይቆያል።

በእኛ የእንጨት ክፍል ስድስት እህቶች ይሠራሉ። ረከቦት፣ በርጩማ፣ የሕፃናት ወንበርና መደርደሪያ እየሠሩ ይሸጣሉ። ዋንዛ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፣ ለመደርደሪያው ደግሞ ኤምዲኤፍና ኮምፖንሳቶ አለ። አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ወይም በነጠላ ጫፍ ሸፍነው ይሠራሉ። ማታ ሲወጡ ቅንድባቸው ነጭ ነው። ያንኑ ልብስና ያንኑ ፀጉር ይዘው ቤት ገብተው ልጅ ያቅፋሉ።

ስለዚህ የማሽኑን ጉዳይ የምናየው ከነዚህ ስድስት ሰዎች አንጻር ነው። ውሳኔው ላይ የእነሱ ድምፅ ቀድሞ ቢሰማ እወዳለሁ።

አቧራው ምን ያህል ያስፈራል?

ማይክሮን የሚባል መለኪያ አለ። የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ከማለስለሻ ከሚወጣው ዱቄት ውስጥ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው በዓይን አይታይም። አፍንጫና ጉሮሮ ሊያስቀሩት ስለማይችሉ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። ሥራ ቆሞ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ማሽኑ ሲጠፋ ጭምብሏን የምታወልቅ ሠራተኛ ዋናውን የምትስበው ያኔ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ማስረጃ ከተገኘባቸው ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። በተለይ የተያያዘው ከአፍንጫ ውስጠኛ ክፍልና በዙሪያው ካሉት ክፍት አጥንቶች ካንሰር ጋር ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ የተጣበቀው ብዙውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ባለበት ሙጫ ስለሆነ ሌላ ጣጣ ይጨምራል፤ ፎርማልዲሃይድ ራሱ እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ከካንሰር በፊት የሚመጡት ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ናቸው፤ የማያቆም ማስነጠስ፣ የዓይን መቅላት፣ የቆዳ ማሳከክ፣ ሳልና አስም።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጠንካራ እንጨት ብናኝ ጣሪያ አስቀምጧል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ቁጥሩ እንዲገባን ወደ ራሳችን ክፍል እንመንዝረው። ክፍሉ 5 ሜትር በ6 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል፤ 90 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጣሪያው እንግዲህ 180 ሚሊ ግራም ነው። ይህ የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ የምታነሡት ጨው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በአንድ ቀን ከክፍላችን ጠርገን የምናወጣው ዱቄት ደግሞ በአካፋ ነው። ስለዚህ መስኮት በመክፈት ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም። አቧራው አየር ላይ ሳይወጣ እዚያው ከወረቀቱ ሥር መያዝ አለበት።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

በፕሮፎርማው ላይ «ራንደም ኦርቢት ሳንደር» ተብሎ የተጻፈው ክብ ማለስለሻ ነው። ከታች ክብ ፓድ አለው። ወረቀቱ በቬልክሮ ይለጠፍበታል። ፓዱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ በራሱ ዙሪያ ይዞራል፣ ደግሞም ከመሀል ትንሽ ወጣ ብሎ በጠባብ ክብ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲደራረቡ አንዷ የወረቀት ቅንጣት ያንኑ መስመር ደጋግማ አትጭርም። እንጨቱ ላይ ጭረት የማይታየው፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መሄድም የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ግራይንደር ላይ የብርጭቆ ወረቀት ገጥመው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እሱ ለእንጨት አይሆንም፤ እንጨቱን ይቦረቡራል፣ አቧራውን ደግሞ ወደ ፊት ይረጨዋል።

የአቧራው መንገድ እንዲህ ነው። በወረቀቱና በፓዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ከሞተሩ ጋር የሚዞር ትንሽ ማራገቢያ በቀዳዳዎቹ በኩል አቧራውን እየሳበ ከኋላ ባለው አፍ ያስወጣዋል። አፉ ላይ የጨርቅ ከረጢት፣ ወይም የወረቀት ማጣሪያ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ወይም የቫኪዩም ቱቦ ይገጠማል።

ከረጢቱ ትልልቁን ዱቄት ይይዛል። ደቃቁን ግን በጨርቁ ክር መሀል አሳልፎ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል። የወረቀት ማጣሪያ ያለው ሣጥን ከጨርቁ ይሻላል፤ ሆኖም የማሽኑ ማራገቢያ ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ ውስን ነው። እውነተኛ ለውጥ የሚመጣው ቫኪዩም ሲገጠም ነው። ስለዚህ ማሽኑን ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ከቫኪዩም ጋር በደንብ ይገጥማል ወይ?» የሚል ይሁን።

ሱቅ ስንሄድ ምን እንይ?

አንደኛ፣ የፓዱን ስፋትና ቀዳዳዎቹን። የተለመዱት 125 እና 150 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለእኛ ረከቦትና በርጩማ 125 ይበቃል፤ ለሴት እጅም ይቀላል። በ125ቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቀዳዳ አለ። ወሳኙ ነገር ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከፓዱ ቀዳዳ ጋር መግጠሙ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቀዳዳ የሌለው ወይም ቀዳዳው የማይገጥም ወረቀት ከገዛን ውድ ቫኪዩም ብንገጥምም ዋጋ የለውም። አቧራው መውጫ ያጣል፣ ወረቀቱ ይደፈናል፣ ከዳር በኩል ወደ ፊታችን ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የእንቅስቃሴውን ስፋት። ይህ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ከ2 እስከ 3 የሆነው ለማጠናቀቂያና ለጥሩ ልስላሴ ነው። 5 የሆነው ብዙ ያነሣል፤ ለሸካራ እንጨት ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች በስሙ ላይ ይጽፉታል። የጀርመኑ ፌስቱል 150/3 እና 150/5 ሲል የመጨረሻዋ ቁጥር ይህችው ናት። እኛ በመላጊያ ከተስተካከለ እንጨት ላይ ስለምንነሣ ከ2.5 እስከ 3 ይበቃናል።

ሦስተኛ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ። ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ከሄድን ቅቡ ይሞቅና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ፍጥነቱ የሚስተካከል ማሽን እንፈልጋለን። ለመመሳከሪያ ያህል ማኪታ ቢኦ5031 የሚባለው 300 ዋት ሆኖ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 12,000 ይስተካከላል። ቦሽ ጂኢኤክስ 125-1 ኤኢ ደግሞ 250 ዋት ሆኖ ከ7,500 እስከ 12,000 ነው። እነዚህን የጠቀስኩት ግዙ ለማለት ሳይሆን መካከለኛ የሚባለው ማሽን ምን እንደሚመስል እንድታውቁ ነው። ፕሮፎርማ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ካልተጻፉ እንዲጻፉ እንጠይቅ።

አራተኛ፣ የአቧራ መውጫውን አፍ። ቱቦ ሊገጠምበት ይችላል? ዲያሜትሩ ስንት ነው? የአምራቾች መጠን ይለያያል፤ ከ27 ሚሊ ሜትር ጀምሮ እስከ 35 እና 36 አለ። ቫኪዩሙ ከሌላ ሱቅ ከተገዛ መሀል ላይ የሚያገናኝ ጎማ ያስፈልጋል። በፕላስተር ጠቅልሎ መግጠም በሁለተኛው ቀን ይፈታል። ስለዚህ ማሽኑንና ቱቦውን እዚያው ሱቅ ውስጥ ገጥመን አይተን እንግዛ።

አምስተኛ፣ ንዝረቱን። ማሽኑን አስነሥታችሁ ለሁለት ደቂቃ ያዙት። እጅ ከደነዘዘ ለስምንት ሰዓት አይሆንም። ጥሩ አምራቾች የንዝረቱን መጠን መመሪያው ላይ ይጽፋሉ። በአውሮፓ ሕግ የቀኑ አማካይ 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ከደረሰ አሠሪው መፍትሔ መፈለግ ይጀምራል፤ ከ5 ደግሞ ማለፍ አይፈቀድም።

ስድስተኛ፣ መለዋወጫውን። ካርቦኑ፣ ኩሽኔታውና ፓዱ ያልቃሉ። በተለይ ፓዱ አላቂ ዕቃ ነው፤ ቬልክሮው ካለቀ ወረቀት አይዝም። ሻጩ መለዋወጫ ከሌለው በፕሮፎርማው ላይ ያለው ቅናሽ ቅናሽ አይደለም።

ቫኪዩሙስ?

የቤት ምንጣፍ ማጽጃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማጣሪያው በአንድ ቀን ይደፈናል፤ ደቃቁንም በኋላው በኩል መልሶ ይተፋዋል። ለሥራ ቤት የሚሆኑትን አውሮፓውያን በሦስት ደረጃ ይከፍሏቸዋል፤ ኤል፣ ኤምና ኤች። ኤል ከሚገባው አቧራ ቢያንስ 99 በመቶውን ይይዛል። ኤም 99.9 በመቶ ይይዛል፤ የመሳብ ጉልበቱ ሲቀንስም ያስጠነቅቃል። ኤች 99.995 በመቶ ነው። ለእንጨት ብናኝ የሚመከረው ኤም ነው።

99ና 99.9 ተቀራራቢ ይመስላሉ። እስቲ እንደ ሒሳብ እንያቸው። ከ1,000 ግራም አቧራ ኤል እስከ 10 ግራም ሊያመልጠው ይችላል፤ ኤም ግን ከ1 ግራም አይበልጥም። የሚያመልጠው አሥር እጥፍ ይለያያል ማለት ነው። የሚያመልጠው ደግሞ ያው ደቃቁ ነው።

ኤም ውድ ነው። ገንዘቡ ካልበቃ መካከለኛ መንገድ አለ። ውስጡ የወረቀት ከረጢትና ጥሩ ማጣሪያ የሚገባበት ጠንካራ የሥራ ቤት ቫኪዩም እንገዛለን፤ ከፊቱ ደግሞ ሳይክሎን የሚባለውን ሾጣጣ ነገር ክዳን ባለው ባልዲ ላይ እንተክላለን። አየሩ ሾጣጣው ውስጥ ሲሽከረከር አብዛኛው ዱቄት ባልዲው ውስጥ ይወድቃል፣ ወደ ማጣሪያው የሚደርሰው ጥቂት ይሆናል። ከረጢትም ይቆጥባል። የሚያመልጠውን ደቃቅ ለመቀነስ ቫኪዩሙን ከመስኮቱ ውጭ ማስቀመጥና ቱቦውን ብቻ ማስገባት ይቻላል።

ኤሌክትሪኩንም እንቁጠር። ቫኪዩሙ 1,200 ዋት፣ ማሽኑ 300 ዋት ቢሆን አንድ ላይ 1,500 ዋት ነው። በእኛ 220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ይሞቃል። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ምድር ያለው አንድ ጠንካራ ሶኬት ማስገጠም ከግዢው ጋር በአንድ በጀት ይያዝ።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እውነተኛዎቹን ከፕሮፎርማው አንሥታችሁ በቦታቸው ማስገባት ትችላላችሁ፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ምርጫ ሀ፦ የጨርቅ ከረጢት ብቻ ያለው ማሽን በ10,000 ብር።

ምርጫ ለ፦ ቱቦ የሚቀበል ማሽን በ16,000 ብርና ቫኪዩም በ18,000 ብር፣ በድምሩ 34,000 ብር።

ልዩነቱ 24,000 ብር ነው። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ቀጥለን እንይ።

ወረቀት። አቧራው በደንብ ሲመጠጥ ወረቀቱ ቶሎ አይደፈንም። በቀን 10 ወረቀት የሚጨርሰው ሥራ 6 ቢጨርስ፣ አንዱ ወረቀት 50 ብር ቢሆን፣ በቀን 200 ብር ይተርፋል። በወር 24 የሥራ ቀን ስናሰላው 4,800 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለቫኪዩም ከረጢት 1,000 ብር እንቀንስ። 3,800 ብር ይቀራል።

ጊዜ። አሁን ስድስቱም እህቶች ማታ ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሲጠርጉና ሲያራግፉ ያመሻሉ። በቀን ሦስት ሰዓት የሰው ጉልበት ነው። ወደ አሥር አሥር ደቂቃ ቢወርድ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 48 ሰዓት ይተርፋል። ሰዓቱን በ40 ብር ብንገምተው 1,920 ብር ነው።

ሁለቱ ሲደመሩ በወር 5,720 ብር ይሆናሉ። 24,000 ብሩ ከአራት ወር ትንሽ ዘለግ ባለ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። «የወረቀቱን ቁጠባ አጋነንሽው» የሚል ካለ ግማሹን ብቻ ይውሰድ፤ ያኔም ከሰባት ወር ትንሽ ያልፋል እንጂ ዓመት አይሞላም። በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሐኪም ካርድ፣ የመድኃኒትና በሕመም የቀረ የሥራ ቀን አላስገባሁም። እነሱን ባስገባቸው ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚያጋድለው።

ሌላ አንድ ነገር። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ሲነጻጸሩ ቫት የተካተተባቸውና ያልተካተተባቸው እንዳይቀላቀሉ። 10,000 ብር ያለ ቫት ማለት 15 በመቶው ሲጨመር 11,500 ብር ነው። ለዕቃዎቹ ሁሉ በማኅበሩ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ይቀርብ። ማሽኑና ቫኪዩሙ በቋሚ ንብረት መዝገብ ይግቡ፤ ወረቀት፣ ከረጢት፣ ማጣሪያና ጭምብል በአላቂ ዕቃ። ለአላቂው በየወሩ የተለየ በጀት ካልያዝን ቫኪዩሙ በሦስተኛው ወር ከረጢት አጥቶ ጥግ ይቆማል።

በውጭ ላላችሁ ደጋፊዎቻችን

በአሜሪካ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ማሽን ገዝታችሁ ልትልኩልን እንደምትፈልጉ ጽፋችሁልናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ አስቡልን። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እዚያ የተሸጠ ባለገመድ ማሽን እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢኖርም እሱ ራሱ ከባድና ውድ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣው በ230 ቮልት ስለሚሠራ ከእኛ ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ መላክ የምትፈልጉ ኤሌክትሪክ የማይሻውን ላኩልን፤ ኤን95 ጭምብል፣ የቫኪዩም ከረጢትና ማጣሪያ፣ እንዲሁም 125 ሚሊ ሜትር ባለ 8 ቀዳዳ የሆነ ባለ ቬልክሮ ወረቀት። እዚያ ባለ 5 ኢንች ይባላል። እንደ መረብ የተሠሩ ወረቀቶችም አሉ፤ የፊንላንዱ ሚርካ አብራኔት ብሎ የሚሸጠው አንዱ ነው። ጠቅላላ ገጹ ቀዳዳ ስለሆነ ከማንኛውም ፓድ ጋር ይስማማል፣ አቧራም በደንብ ያሳልፋል። ፓዱ እንዳይጎዳ ከሥሩ የሚገባውን ቀጭን መከላከያ አብራችሁ ብትልኩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከመላካችሁ በፊት የከረጢቱንና የማጣሪያውን ዓይነት ጠይቁን። ከማሽናችን ጋር የማይገጥም ስጦታ መጋዘን ውስጥ ይቀራል፤ ለእናንተም ለእኛም ያሳዝናል።

ከተገዛ በኋላ

ማሽን ብቻውን አይጠብቀንም። እነዚህን ልማዶች በክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልቅ ፊደል ጽፈን እንድንለጥፍ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ቫኪዩሙ መጀመሪያ ይበራል፤ ማሽኑ ካቆመ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል።

ማሽኑን አንጫነው። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ስንጫነው ፓዱ መዞሩን ያቆምና ጭረት ይተዋል። ቫኪዩሙ በጣም ስቦ ማሽኑን እንጨቱ ላይ ካጣበቀው የመሳብ ጉልበቱን ትንሽ እንቀንስ።

ከሸካራ ወደ ለስላሳ በተርታ እንሂድ፤ 80፣ 120፣ 180። ዘለን ከሄድን የፊተኛው ጭረት አይጠፋም፤ ሥራውም አቧራውም ይበዛል።

ጭምብሉ ፊት ላይ የሚገጥም ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ይሁን። ነጠላና የሐኪም ቤት ጭምብል ዳርና ዳሩ ክፍት ስለሆነ ደቃቁን አያስቀርም። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ወዲያው አይወለቅ።

በደረቁ መጥረግ ይቅር። መጥረጊያ የወደቀውን ደቃቅ መልሶ ያነሣዋል። በቫኪዩም ወይም በእርጥብ ጨርቅ እናንሣው። ልብስን በአየር መንፊያ ማራገፍም እንዲሁ ይቅር።

ለሥራ የሚሆን ጋውንና ሻሽ እዚያው ይቀመጥ፤ ቤት አይሂድ። ሕፃን ያላት እህት ልጇን ይዛ ማለስለሻ ክፍል አትግባ። ሌላ ክፍል እንድናዘጋጅላት መጠየቅ መብቷ ነው።

ከረጢቱ በየቀኑ ይራገፍ። በተለይ ቫርኒሽ ያለበት አቧራ ተከማችቶ ሲያድር ራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ይችላል። የብረት ሥራ ብልጭታ በዚያው ቫኪዩም በፍጹም አይሳብ።

መሣሪያው ሥራውን እየሠራ መሆኑንም ራሳችን ማየት እንችላለን። ምሽት ላይ መብራት አጥፍተን የሞባይል ባትሪ አብርተን ከጎን በኩል ወደ ማሽኑ እንላክ። በብርሃኑ ውስጥ ደመና ሲንቀሳቀስ ካየን አቧራው እያመለጠ ነው፤ ወይ ወረቀቱ አልገጠመም፣ ወይ ቱቦው ተቀዷል፣ ወይ ከረጢቱ ሞልቷል። ብርሃኑ ባዶ ከሆነ ብዙው ተይዟል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን እናድርግ። ሱቅ ውስጥም ማሽኑን ሲያሳዩን አንዲት ቁራጭ ዋንዛ ይዘን ሄደን እንሞክረው።

ከጉባኤው የምጠይቀው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። በእኛ ማኅበር አሠሪዋም ሠራተኛዋም እኛው ነን። «ድርጅቱ አላሟላልንም» ብለን የምንከሰው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍሩ የምጠይቃቸው አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ተመልሰው ማሽን፣ ቫኪዩም፣ ቱቦና የሦስት ወር ወረቀትና ከረጢት በአንድ ላይ ዋጋ ወጥቶላቸው ይምጡ። ሁለተኛ፣ ከግዢ ኮሚቴው ጋር ከእንጨት ክፍሉ ሁለት እህቶች ሄደው በገዛ እጃቸው ሞክረው ይምረጡ። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለሁለት ማሽን ይበቃል ቢባል እንኳ ሁለተኛውን ማሽን አቆይተን መጀመሪያ ቫኪዩሙን እንግዛ። አቧራ የሚያመርት ማሽን ሁለት ሆኖ የሚይዘው ከሌለ ችግሩን በእጥፍ ገዛነው ማለት ነው። አራተኛ፣ ለአላቂ ዕቃ የወር በጀት ይጽደቅ።

ሦስተኛው ነጥብ እንደማያስደስታችሁ አውቃለሁ። ትዕዛዝ በዝቷል፣ ለበዓል የሚደርስ ረከቦት አለ፣ ሁለት ማሽን ቢኖር ገቢያችን ይጨምራል። ገቢ ሲጨምር ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝና። ነገር ግን ይህ ማኅበር የተቋቋመው አባላቱ ሠርተው እንዲኖሩ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት በዚህ አዳራሽ ስንሰበሰብ ስድስቱም እህቶች ሳይስሉ ተቀምጠው ማየት እፈልጋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጊዜው አሁን ነው።

ፕሮፎርማዎቹና ስሌቱ በጠረጴዛዬ ላይ አሉ። ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ኑ፤ ቁጥር የማይወዱም ቢሆኑ አብረን እናነበዋለን። አሁን ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መድረኩን ለእንጨት ክፍሉ እህቶቻችን እለቃለሁ።